«ለምን አልጮኸችም?» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ወር እዚህ ቂርያት ጋት፣ በአረጋውያን ሞአዶን ስለ ልጆቻችን ደኅንነት ስናወራ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱና «ልጄ፣ ካልጮኸች፣ ካልታገለች፣ ዳኛው በምን አውቆ ነው ተገደደች የሚለው?» አሉኝ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አልነበረም። ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው የምንዞረው ነው። ያን ቀን ሰዓት አልበቃኝም፤ ዛሬ በደንብ ልመልስ። በሙያዬ የሰው ምስጢር ስላለብኝ ከቢሮዬ ምንም አልናገርም። አደባባይ የወጡ ሁለት የፍርድ ጉዳዮች ግን ይበቁናል። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

የመጀመሪያው የአገር ቤት ነው። በ2001 አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ስሟን ዓለም ያውቀዋል፣ እኔ ግን አልጠራውም፤ የሰው ልጅ ናት። ጠላፊው ተይዞ በዋስ ወጣ፣ እንደገና ጠለፋትና የጋብቻ ውል በግድ አስፈረማት። ልጅቷ አምልጣ ከሰሰች። በሐምሌ 2003 የጉና ወረዳ ፍርድ ቤት በጠላፊው ላይ 10 ዓመት፣ በአራቱ ተባባሪዎቹ ላይ 8፣ 8 ዓመት ፈረደ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ፣ የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ፍርዱን ሻረው። ማስረጃው በፈቃዷ መሆኑን ያሳያል ተባለና አምስቱም ወደ ቤታቸው ሄዱ። የ13 ዓመት ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ተጠልፋ፣ በፈቃዷ ነው ተባለች! ከዚያ በላይ ያሉት የአገሪቱ ችሎቶችም አልሰሟትም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኩዋሊቲ ናው የሚባለው ድርጅት ጉዳዩን በ2007 ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን አቀረቡላት። በ2016 ይፋ በሆነው ውሳኔ ኮሚሽኑ መንግሥት መብቷን አላስከበረም አለ፤ 150,000 ዶላር እንዲክሳትም ጠየቀ። ልጅቷ ያኔ ትልቅ ሰው ሆናለች።

«ያ እኮ አገር ቤት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ሁለተኛው የዚሁ የእስራኤል ነው። በ1988 በሰሜን፣ በኪቡጽ ሾምራት፣ የ14 ዓመት ልጅ ላይ የኪቡጹ ጎረምሶች ለቀናት ተፈራረቁባት። አልጮኸችም። የሃይፋ አውራጃ ፍርድ ቤት በ1992 ጥርጣሬ አለ ብሎ ተከሳሾቹን በነጻ አሰናበተ። ዓቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ። በታኅሣሥ 1993 ሜይር ሻምጋር የመሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ይህን ሽሮ ጥፋተኛ ናችሁ አላቸው። ዝም ማለት እሺ ማለት አይደለም ተባለ። በ2001 ደግሞ ሕጉ ራሱ ተሻሻለ፤ አሁን ጉልበት መጠቀሙን ማስረዳት ግዴታ አይደለም፣ ነጻ ፈቃዷ አለመኖሩ ይበቃል።

እንግዲህ እዩት። አንዱ ይግባኝ የተፈረደበትን ፈታ፣ ሌላው የተፈታውን ፈረደበት። ልዩነቱ የመጣው ዳኞቹ ከጠየቁት ጥያቄ ይመስለኛል። «ምን ያህል ታገለች?» ብሎ የሚጀምር ዳኛ አንድ ነገር ያያል፣ «እሺ ብላለች ወይ?» ብሎ የሚጀምር ሌላ ነገር ያያል። ፍርሃት ሰውን ያደርቃል፤ ሱዳን በረሃ ሽፍታ የገጠማችሁ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስንቶቻችሁ ጮኻችሁ?

ለእናታችን መልሴ ይኸው። በዚህ አገር ዳኛ በአንዲት ተበዳይ ቃል ብቻ ሊፈርድ ይችላል፣ ግን ለምን እንዳመናት በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ከልዩ ምክንያት በቀር ያለፈ ሕይወቷን፣ «ድንግል ነበረች ወይ?» የሚለውን፣ እንዲጠየቅ አይፈቅድም። ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚጠየቀው በልዩ የልጆች መርማሪ ነው። ልጁ ፍርድ ቤት ቀርቦ ካልመሰከረ ግን ለመፍረድ ሌላ የሚያግዝ ማስረጃ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው እኛ የምንገባው። ይግባኝ የሚሰማ ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ ምስክሮቹን አያይም፣ መዝገብ ነው የሚያነበው። በመጀመሪያው ቀን መዝገብ ውስጥ ያልገባ ነገር በኋላ ከየት ይመጣል? የሆስፒታል ወረቀት፣ ልብሷ፣ የስልክ መልእክቶች፣ መጀመሪያ ለማን ነገረች፣ ስትናገር እንዴት ነበረች፤ ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ገመና ነው ብለን ልጅቷን እናጥባለን፣ ልብሷን እናጥባለን፣ ሽማግሌ እንጠራለን። ሦስት ወር አልፎ ነገሩ ሲወጣ ዳኛው «ለምን ቆያችሁ?» ይላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት አባቶቻችን ናቸው።

እኔ በ9 ዓመቴ በዘመቻ ሰለሞን ስመጣ ይህችን ማኅበረሰብ ያቆማት ሽምግልና መሆኑን አይቻለሁ፣ አከብረዋለሁም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በገንዘብ ሲካሰሱ ሽማግሌ ይግባ። በዚህ ነገር ግን አይግባ። «ለቤተሰቡ ስትይ ቃልሽን ቀይሪ» ብሎ ተበዳይን መጫን ራሱ ወንጀል ነው። ልጅን የበደለው ወላጅ ወይም በኃላፊነት የሚያሳድገው ሰው ከመሰለን ደግሞ ለረቫሃ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ከ1989 ጀምሮ የሁላችን የሕግ ግዴታ ነው።

«ፖሊስ ልጆቻችንን በምን ዓይን እንደሚያይ እያወቅህ?» የሚለኝ አባት አለ። አውቃለሁ። በ2015ም በ2019ም ሰልፍ ወጥቻለሁ። የኛ ወንድ ልጅ በሐሰት እንዳይከሰስ የምንፈራውም እውነት ነው። ግን እሱን የሚያድነውም በጊዜ የተሰበሰበ፣ በትክክል የተመዘነ ማስረጃ ነው። ዝምታ ግን ለሴት ልጃችንም ለወንድ ልጃችንም አይሆንም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፦ ልጅቷን «አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት። ደጋግማችሁ አትመርምሯት፣ ያለችውን በራሷ ቃል ያዙ። ሳትታጠብ ወደ ሕክምና ይዛችኋት ሂዱ፣ ልብሷን በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ። ፖሊስ 100፣ ለተደፈሩ ሴቶች እርዳታ 1202፣ ረቫሃ 118 ነው። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ አማርኛ የሚችል ሰው ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ማንበብ ለማይችሉት ጎረቤቶቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ለዚያች ለጠየቁኝ እናትም ጭምር።