መሬት ያጣ ወንድነት፦ ስለ «አንበሳ» ዘጋቢ ፊልም

የሞ ስካርፔሊ «አንበሳ» ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል። ታሪኩ በአዲስ አበባ ዳርቻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከእርሻቸው ያፈናቀላቸውን እናትና የአሥር ዓመት ልጇን ይመለከታል። ልጁ ፍርሃቱን የሚቋቋመው በምናቡ አንበሳ እየሆነ ነው።

ፊልሙ ስለ መፈናቀል ብቻ ተደርጎ ከታየ ግማሽ ፍሬ ነገሩ ይቀራል፤ ስለ ወንድነትም ጭምር ነውና። በነባሩ ልማድ አንበሳ የገደለ ሰው ይወደስ ነበር፤ በገበሬው ዘንድ ደግሞ ወንድ የሚባለው ጠምዶ የሚያርስ ነው። ማሳው ሲወሰድ የሚቋረጠው ገቢ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ከሞፈር ኋላ እየተከተለ ወንድ መሆንን የሚማርበት መንገድም ነው። ለዚህ ልጅ የተረፈው የአንበሳው ምስል ብቻ ነው።

ጥያቄው ለየካ ሩቅ አይደለም። ቀድሞ በክፍለ ከተማው ሥር የነበረው የካ አባዶ ሰፊ የኮንዶሚኒየም መንደር ሆኗል። በአካባቢው በሥርዓተ ጾታ ረገድ በይበልጥ የሚታወቁት ጥናቶች ግን በእንጦጦ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ላይ ያተኮሩ ናቸው። የእነርሱ ሸክም መመዝገቡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሴቲቱ ሸክም የወንዱ ድርሻ እንዴት እንደተለወጠ ሳይጠየቅ በሙሉ አይገባም።

አንድ ፊልም፣ ያውም የውጭ አገር አዘጋጅ የሠራችው፣ ጥናትን አይተካም። ይሁንና በየካ አባዶ፣ መሬታቸውን የለቀቁ አባቶችና ልጆቻቸው በተገኙበት ቢታይና ውይይቱ በአፋን ኦሮሞም ቢካሄድ፣ መጠይቅ የማያወጣውን ቃል ሊያወጣ ይችላል።