ነፋሱም ያገልግል፥ ንስሩም ይኑር

ነፋስ ለሰው ልጅ አገልጋይ ሲሆን ማየት ደስ ያሰኛል፤ ማገዶ ሳይነድ፥ ነዳጅም ሳይገዛ ኤሌክትሪክ ይገኛልና። በአሸጎዳና በአዳማ፥ በጅቡቲም በጉቤት አጠገብ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሆኖም የተርባይኑ ክንፍ ጫፍ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥን ስለ ሆነ፥ በመንገዱ ያገኘውን ወፍ መግደሉ ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉም ይልቅ የሚጎዱት ንስርና ጆፌ አሞራ ናቸው። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ለመንሳፈፍ የሚሹት ነፋስና መሐንዲሱ የሚሻው ነፋስ ብዙ ጊዜ በአንድ ኮረብታ አፋፍ ላይ ይገኛል። ምግብ ሲፈልጉ ደግሞ ዓይናቸው ወደ ምድር ስለሚያዘነብል፥ ፊት ለፊታቸው ያለውን አደጋ አያስተውሉም። ንስር ለመራባት የሚደርሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ጆፌ አሞራም በዓመት ከአንድ እንቁላል አይበልጥም። ስለዚህ የጥቂቶቹ ሞት እንኳ በቶሎ አይተካም።

«ይህ ለገበሬው ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ ቅርብ ነው። ንስር እህል የምታጠፋውን አይጥ ያድናል፤ ጆፌ አሞራም የሞተውን ከብት በልቶ መስኩን ያጸዳል። ሁለቱም ደመወዝ የማይጠይቁ የእርሻ ሠራተኞች ናቸው።

በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ አልታሞንት በተባለው ስፍራ፥ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ተርባይኖች የንስር መዋያ በሆነ ምድር ተተከሉ። ብዙ ንስሮች አለቁ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም አሮጌዎቹ እየተነቀሉ በቁጥር ባነሱ ትላልቅ ተርባይኖች ተተኩ። በኬንያ፥ በካጂያዶ የሚገኘውና በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው የኪፔቶ ጣቢያ ግን 60 ተርባይኖቹን የሚጠብቁ ተመልካቾች አሉት፤ ጆፌ አሞራ ሲቃረብ ተርባይኑ እንዲቆም ያደርጋሉ። በኖርዌይ ስሞላ ደሴትም ከ3ቱ ክንፎች አንዱ ጥቁር ቀለም በተቀባባቸው 4 ተርባይኖች ዘንድ የሚሞቱት ወፎች ቁጥር ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። ሙከራው ትንሽ ቢሆንም ተስፋ ይሰጣል።

ከእስያና ከአውሮፓ የሚመጡ እጅግ ብዙ ንስሮች በየዓመቱ የባብ ኤል መንደብን ባሕር ተሻግረው ወደ አፍሪካ ቀንድ ይገባሉ። እንግዲህ አዲስ ጣቢያ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ምሰሶ ከማቆሙ በፊት የወፎቹን ጎዳናና ጎጆ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ማስጠናት ይገባዋል። በጣቢያው አካባቢ የሚኖረው ባላገርም የሞተ ከብት ከተርባይኖቹ ሥር እንዳይጣል ይጠንቀቅ፤ ጥንብ ባለበት አሞራ አይቀርምና። የተተከለውን ከመንቀል አስቀድሞ መመርመር ይቀላል።