ድንቡሽቡሽ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም

ከአዲሱ ገበያ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ድንቡሽቡሽ ያለ ሕፃን ከገባ ወሬው ሁሉ እርሱ ነው። ጉንጩ ይቆነጠጣል፤ "ቱ! ቱ! ከዓይን ያውጣው" ይባላል፤ እናቱም ምን እንደምትሰጠው ትጠየቃለች። አጠገቧ ቀጠን ያለ ልጅ የታቀፈች እናት ካለች ግን ጉድ ፈላ! "ምነው የኔ ልጅ፣ ጡትሽ ወተት የለውም እንዴ?" ወተት እንዳላት፣ ልጇም ደኅና እያደገ መሆኑን ብታስረዳ ማን ሰምቷት! ሠፈሯ ስትደርስ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ገዝታ ትገባለች። እኛ ይህን ትዕይንት አይተን አይተን ሰልችቶናል።

ረሃብ ባየ አገር ውፍረት እንደ ምርቃት መቆጠሩ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ታዲያ በዚህ አገር ስለ ሕፃን ውፍረት ማውራት ቅብጠት አይደለም ወይ? አይደለም። ከስቶ ወይም ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ክብደት መጨመር አለበት፤ በዚህ ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን ደኅና እያደገ ያለውን ልጅ በጡጦ ካላወፈርን ከሚሉት ጋር ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጅማ የተወለዱ ሕፃናትን መዝግቦ ለዓመታት ተከታትሏል። ሕፃኑ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይተኛል፤ መሣሪያው ገላው ከያዘው የአየር ቦታ ተነሥቶ ከክብደቱ ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ጡንቻ፣ አጥንትና የውስጥ አካል እንደሆነ ይለያል። ሲወለዱ ስብ ያልሆነው ክብደታቸው ላቅ ያለ ልጆች በ2 ዓመታቸው በእድገት መለኪያ፣ በተለይም በቋንቋ፣ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ስቡ ግን ይህን አላስገኘም። ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲመዛዘን ገና በጨቅላነታቸው ሽቅብ የተተኮሰው ልጆች ደግሞ በ10 ዓመታቸው የሰውነታቸው ስብ፣ የወገባቸው ዙሪያና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ የእያንዳንዱ ልጅ ዕጣ ነው አላልንም። ነገር ግን "ስንት ኪሎ ገባ?" ብለን እልል ከማለታችን በፊት "ቁመቱስ?" ማለት ይገባናል። የጤና ጣቢያው ሚዛን ስብና ጡንቻ አይለይም፤ የጎረቤት ዓይንማ ጭራሽ!

እናቶችን ለመውቀስ የተነሣን የመሰለው ካለ ተሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። ታዲያ ከ90ኛው ቀን በኋላ ልጁ ምን ይጥባ? አዋጁን? ያለባት ወተቷን ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብታ ማለብ ነው፤ ካልሆነም ጣሳው አለ። የጣሳ ወተትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ ይቁም የሚለው ዓለም አቀፍ ደንብ ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ዓመታት አለፉ፤ ሱቁ ግን ድንቡሽቡሽ ፈረንጅ ሕፃን ባለበት ማስታወቂያ እንዳሸበረቀ ነው።

ታክሲ ውስጥ "ጡትሽ ወተት የለውም እንዴ?" ያሉት እትዬ እስቲ ጥያቄያቸውን ወደ አሠሪዋ ያዙሩልን።