ሞተረኛው ጭንቅላቱን ለትራፊክ ፖሊስ አስረክቧል!

መንግሥት ሞተረኛን እንደማይወድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር «ወንጀል ይፈጸምበታል» ብሎ ሞተር ሳይክልን ከከተማው መንገድ አገደ። ሌባውን ለይቶ መያዝ ሲያቅተው ሌባውንም ጨዋውንም በአንድ መጥረጊያ ጠረገ። ዕቃ እያደረሰ የሚያድረው ልጅ እንጀራው በአንድ መግለጫ ተዘጋበት። በኋላ በምዝገባና በፈቃድ ወደ መንገድ ቢመለስም፣ ያ ውሳኔ ግፍ ነበር ብዬ ዛሬም እሟገታለሁ።

ዳሩ ግን ዛሬ ብዕሬን ያዞርኩት ወደ ራሱ ወደ ሞተረኛው ነው። ይከፋው ይሆናል… ይክፋው!

እስቲ መገናኛ አደባባይ ቆማችሁ ተመልከቱ። ሄልሜቱ የት ነው ያለው? ክርን ላይ! ካልሆነም መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ብድግ ብሎ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፤ የአገጩ ማሰሪያ ግን አይታሰርም። ፖሊሱ ሲታለፍ ተመልሶ ክርን! ንገሩኝ እስቲ፤ ይህ ሰው የሚፈራው ሞትን ነው ወይስ የቅጣት ወረቀትን? ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «መንግሥትን አላምንም» ሲል የሚውል ሰው፣ የራሱን ጭንቅላት ጠባቂ አድርጎ የሾመው ያንኑ የመንግሥት ፖሊስ ነው። ጉድ አይደለም ትላላችሁ?

«ጥፋቱ የባለመኪናው ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው! ሚኒባሱ ተሳፋሪ ካየ ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል፤ ሲኖትራኩ መንገዱ የአባቱ ርስት ይመስለዋል። የእኛ አገር ብቻም አይደለም። ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሎስ አንጀለስ ጥናት፣ ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ባለመኪናው የሞተረኛውን ቅድሚያ ነጥቆ እንደነበር አሳይቷል።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ቅድሚያው የአንተ መሆኑ አስፋልቱን አያለሰልሰውም። እሱን የከበበው ብረት ነው፤ አንተን የከበበህ ጃኬት ነው። እሱ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ አንተ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትወሰዳለህ። ክሱን የምታሸንፈው ሞተህ ከሆነ ድሉ ለማን ነው?

ስለዚህ ወንድሜ፣ ባለመኪናው እንዳላየህ ቁጠር። ፊት ለፊትህ ሊታጠፍ የቆመውን ሁሉ ተጠራጠር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንዲት ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ትበላለህ፤ ያውም እጅህ ገና ፍሬኑን ሳይጨብጥ! የክረምት የመጀመሪያዋ ካፊያ ዘይቱንና አቧራውን ለውሳ አስፋልቱን ሳሙና ታደርገዋለች፤ የዜብራው ቀለምና የቱቦው ብረት ክዳን ደግሞ ይብሳሉ። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» እያሉ በእግር ፍሬን ብቻ የሚያቆሙም አሉ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናው አቋሚ የፊተኛው ነው፤ ቀስ በቀስ እያጠበቁ ይይዙታል እንጂ አይሸሹትም። ይህን እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ለመለማመድ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

«ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት አያድንም» የሚሉም አልጠፉም። ቀኑንማ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ሰው የሚያውቀው ይህን ነው፦ 61 ጥናቶችን የገመገመውና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ገልጿል። እግዜርን ማመን አንድ ነገር ነው፤ በእግዜር ማሳበብ ሌላ! ሞተርህን ማታ ሳትቆልፍ «እግዜር ይጠብቀው» ብለህ ተኝተህ ታውቃለህ? ለብረቱ ቁልፍ ገዝተህ ለጭንቅላትህ ማሰሪያ ማሰር ታከተህ!

ከኋላህ የጫንካትስ? አንተ በራስህ ፈረድክ እንበል፤ በእሷ ላይ እንድትፈርድ ማን ሾመህ? ሁለተኛ ሄልሜት ከሌለህ ሁለተኛ ሰው አትጫን። ቀምሰህም አትንዳ።

መንግሥት መንገዱን ያብጅ፣ ቅድሚያ ነጣቂውን ባለመኪና ይቅጣ። ይህን መጠየቅ መብታችን ነው፤ እንጠይቃለንም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ማሰሪያህን እሰር። ፖሊስ ኖረም አልኖረም!