ስንቅ ማኖር ስስት አይደለም



የደሴን ክረምት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቦርከና ይሞላል፣ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ደጃፍ ይደርሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድም አፈሩ እንዳይናድ ያሰጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ደረቅ ምግብ ይኑረው እንላለን።

ይህን ስናነሳ አንዳንድ አባሎች «ይኼማ እህል መደበቅ ነው፣ ገበያ ያስወድዳል» ብለውናል። እኛ አንስማማም። ነጋዴ እስኪወደድ ብሎ በመጋዘን የሚቆልፈው ሌላ ነው፤ እናት ለልጆቿ በየገበያው ቀን አንዳንድ ጣሳ እየጨመረች የምታኖረው ሌላ ነው። ዋጋ የሚንረው ሁሉም በአንድ ቀን ተሯሩጦ ሲገዛ ነው። ቀድሞ የያዘ ሰው በክፉ ቀን ወረፋ አይጋፋም፤ ላልያዘው ቦታ ይለቃል።

ያየነውንም አንርሳ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲወድቁ መብራት አልነበረም። መብራት ከሌለ ወፍጮ የለም። በቤቱ እህል ያለውም ሰው ጆንያውን እያየ ተቸገረ። እህል አለ ማለት ምግብ አለ ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተምረናል። እንግዲህ ስንቃችን ተቆልቶና ተፈጭቶ ያለቀለት ይሁን።

ከሁሉ በፊት በሶ ነው። እሳት አይፈልግም፤ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል፣ ለጾመኛውም ለማይጾመውም ይሆናል። ቀጥሎ የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር፤ ሽምብራው ሰውነት ይገነባል። ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት ግን ቆሎው ይፈጭላቸው። ከዚያም ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ድርቆሽ፣ ዘይት። በግምት ለአንድ ሰው ለአንድ ሳምንት 2 ኪሎ በሶ፣ 1 ኪሎ ቆሎ፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይበቃል። ውሃ ደግሞ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን እስከ 4 ሊትር ይያዝ። ጎርፍ የነካው ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ።

ጨውና ስኳርም አይርሳ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘውና ጤና ጣቢያ መሄድ ሲያቅት፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መስጠት ነፍስ ያድናል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ምግቡ የእናቱ ጡት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ቀድማ ትብላ።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይሻል። ስንቁ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በደረቀና በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። በኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችን ሙቀቱ ነቀዝ ስለሚያፈላባቸው ቶሎ ቶሎ ይዩት። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ባቄላና ሽምብራ ግን ይበሳሉ። የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይደረግ፤ ጭሱ ይገድላል። የሻገተ ለውዝና በርበሬም ታጥቦ ቢደርቅ መርዙ አይለቅም፣ ይጣል። በየሦስት ወሩ የቆየው ይበላ፣ አዲስ ይተካ።

ርካሽ ነው ተብሎ ጓያ ብቻውን ስንቅ አይሁን። በ1989 ዓ.ም. ግድም በደላንታና ዳውንት በኩል በድርቅ ምክንያት ሌላ እህል ያጣው ሰው ጓያ ለወራት በልቶ አንዳንዱ እግሩ ሽባ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ዋናው ነገር። «የዕለት ጉርሳችንን ያጣን ሰዎች ከየት አምጥተን ነው የምናስቀምጠው?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶች አሉን፣ በቀን ሥራ የሚያድሩ አሉን። እነዚህን «ስንቅ ያዙ» ብሎ ወረቀት መለጠፍ ብቻውን ማላገጥ ይሆናል። በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተጨማሪ ድንኳንና ወንበር ይገዛ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። እኛ ግን ድንኳኑ ለአንድ ዓመት ይቆይና በገንዘቡ ገብስ ተገዝቶ፣ ሴቶቻችን ቆልተው አስፈጭተውት፣ አቅም ለሌላቸው ቤቶች በሶ ይታደል እንላለን። ያለው አባልም ከቤቱ አንድ ጣሳ ይጨምር።

እድራችን ሰው ሲሞት ንፍሮ ቀቅሎ ይሰበሰባል። ደግ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን በቁሙ የራበውን ጎረቤት አይተን ዝም ብለን፣ ሲሞት ድንኳን ብንተክልለት ምን ይረባዋል? አስቡበት፣ በስብሰባው ተገኝታችሁም ድምፅ ስጡ።

ቸር ይግጠመን።

የእድሩ ጽሕፈት ቤት