አየር የማያውቀው ጥፋት

የክሪኬት ኳስ ቆዳ የለበሰች፣ 160 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ወገቧ ላይ ጉልህ ስፌት ያላት ናት። ተጫዋቾች አንዱን ጎኗን በልብሳቸው ሲወለውሉት ሌላው በጨዋታው ብዛት ይሻክራል። ፈጥና ስትወረወር አየሩ ከአንደኛው ጎን ቀድሞ፣ ከሌላው ዘግይቶ ይላቀቃል፤ በዚህ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ኳሷን ከቀጥታ መስመሯ ወደ ጎን ይገፋታል። ይህን ልዩነት በመወልወል ማምጣት ተፈቅዷል፤ በጥፍር ወይም በመሣሪያ ፍቆ ማምጣት ግን ክልክል ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2018 ኬፕታውን ላይ አውስትራሊያዊው ካሜሮን ባንክሮፍት ኳሷን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ በካሜራ ታየ። ዳኞቹ ኳሷን ቢመረምሩም የተለየ ጉዳት ስላላዩባት አልቀየሯትም። ሆኖም የአገሩ የክሪኬት ማኅበር ባንክሮፍትን ለ9 ወር፣ አምበሉን ስቲቭ ስሚዝንና ምክትሉን ዴቪድ ዋርነርን ለ12 ወር አገደ።

ኳሷ ካልተለወጠች ቅጣቱ ለምን ከበደ የሚሉ ነበሩ። በእኔ እምነት ጥፋቱ በኳሷ ላይ የሚለካ አይደለም። አየር የኳሷ ጎን በምን እንደሻከረ አይጠይቅም፤ የተፈቀደውንና የተከለከለውን የለዩት ለመጫወት የተስማሙ ሰዎች ናቸው። ስምምነቱን በስውር ያፈረሰ፣ ባይጠቀምም አፍርሷል።

በቤተ ሙከራችንም ያልተስማማውን ንባብ ሰርዞ ግራፉን የሚያሳምር ተማሪ አለ። የስበት ፍጥንጥነቱ 9.8 ሆኖ ቢወጣለትም አልለካውም። እኛ መምህራን ለተዛባው ግን ለታማኙ ግራፍ የተሻለ ነጥብ ካልሰጠን፣ የብርጭቆ ወረቀቱን የምናቀብለው እኛው ነን።