የሸሸችው ሴትና የአንባቢው ፍርድ

ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ አንባቢውን አስሮ የመያዝ ኃይል አለው። ባለታሪኩ ሲሸሽ አንባቢው አብሮ ይሸሻል፤ ሲደበቅ ትንፋሹን ይውጣል፤ ሲያመልጥም እፎይ ይላል። ሸሺው ወንጀለኛ በሆነ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለወንጀለኛ መራራት ወንጀሉን ማጽደቅ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ የስፔኑ ደራሲ አርቱሮ ፔሬዝ ሬቬርቴ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የደቡብ ንግሥት» ማለት ነው። ስሙ ለእኛ ንግሥተ አዜብን፣ ማለትም ንግሥተ ሳባን ያስታውሰናል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን የተሰጠው ዙፋንም ዘውድም ለሌላት ለአንዲት የሜክሲኮ ሴት ነው።

ቴሬሳ ሜንዶሳ በሲናሎአ ግዛት፣ በኩሊያካን ከተማ የምትኖር ወጣት ናት። ፍቅረኛዋ አደንዛዥ ዕፅ በአውሮፕላን የሚያመላልስ አብራሪ ነው። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፤ እርሱ ተገድሏል፤ ገዳዮቹም ወደ እርሷ በመምጣት ላይ ናቸው። ቴሬሳ ውቅያኖስ ተሻግራ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ በስፔን ሥር ወደምትተዳደረው ወደ ሜሊላ ከተማ ትሸሻለች። በዚያም በመሸታ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ከአንድ የጀልባ ነጂ ጋር ትተዋወቃለች። ውሎ አድሮም ከእርሱ ጋር የሞሮኮን ሐሺሽ ጭና የጂብራልታርን ወሽመጥ በሌሊት ማቋረጥ ትጀምራለች። ወሽመጡ በጠባቡ ስፍራ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፈጣን ጀልባ ላለው ወዲያኛው ዳር ቅርብ ነው፤ የጉምሩክ ጠባቂዎች ሄሊኮፕተርም እንዲሁ ቅርብ ነው። አንድ ሌሊት ሲሳደዱ ጀልባዋ ከዓለት ጋር ትጋጫለች፤ ሰውየው ይሞታል፤ ቴሬሳም ትታሰራለች። ከእስር ስትወጣ ግን ንግዱን ከመተው ይልቅ ታሰፋዋለች። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚባለው ይህ ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለወጣቶች አይሰጥ የሚሉ ሰዎች አሉ። በእኔ አስተያየት ጉዳቱ በመጽሐፉ ሳይሆን በንባቡ ጉድለት ይመጣል። ቴሬሳ ከኩሊያካን የሸሸችው ሞት ስላሳደዳት ነው፤ ለዚህ ልናዝንላት ይገባል። ሐሺሹን የጫነችው ግን በራሷ ምርጫ ነው፤ ለዚህ ልንፈርድባት ይገባል። አስተዋይ አንባቢ ሁለቱን አያደባልቅም። ያተረፈችውን ሀብት ሲቆጥርም የከፈለችውን ዋጋ አይዘነጋም። የወደደቻቸው ሰዎች ይሞቱባታል፤ ሀብቷ ከፍርሃት አያድናትም፤ የእስር ቤት ጓደኛዋም የዚያው መርዝ ሱሰኛ ናት።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ጀልባዋ ስትከንፍ እናያለን፤ ጭነቱ በየከተማው ደርሶ የስንቱን ወጣት ጤናና ቤተሰብ እንደሚያፈርስ ግን እምብዛም አናይም። የሩጫው ፍጥነት ጭነቱን ይሸፍነዋል። ደራሲው የተወውን ይህን ክፍት ቦታ መሙላት የአንባቢው ፈንታ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ታሪክ ስናነብ «ታመልጥ ይሆን?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ከምን አመለጠች? ወደ ምንስ ገባች? ዋጋውን የከፈለላትስ ማን ነው?» ብለንም እንጠይቅ።